ግብረ እድ ማደሪያ ሲያገኝ

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በተለይም በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት፣ በአዲስ አበባ የተሠሩትን መኖሪያ ቤቶች እየተዘዋወረ የተመለከተ ሰው፣ የባለቤቶቹን አሳብና የዘመኑን ልማድ ከክፍሎቹ አቀማመጥ ሊረዳው ይችላል። ከበረንዳው ቀጥሎ ያለው፣ ጣውላው በሰም የሚወለወለውና መስኮቱ ከሌሎቹ ሁሉ የሚሰፋው ክፍል የእንግዳ ነው፤ ከእርሱ በኋላ መኝታ ቤቶቹ ይከተላሉ፤ በጓሮ በኩል፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ፣ ማድ ቤቱና የሠራተኞች ማደሪያ ይገኛል፤ ከአጥሩ በር አጠገብ ደግሞ፣ ባለቤቱ መኪና ለመግዛት የቻለ ወይም ወደፊት እገዛለሁ ብሎ ተስፋ ያደረገ እንደ ሆነ፣ ጋራዥ ተሠርቶ ይታያል። ለእንግዳ፣ ለእንቅልፍ፣ ለምግብና ለመኪና እንዲህ ስፍራ ስፍራቸው ሲሰጣቸው፣ ሰው በእጁ አንዳች ነገር የሚሠራበት ክፍል ግን በብዙዎቹ ቤቶች አልታሰበም። ስለዚህ በእጁ መሥራት የሚወድ አባወራ ገለል ብሎ የሚውልበት ቦታ ጋራዡ ሆነ። በቀበና የነበረው የአባቴም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዛሬ እኔ መጻሕፍት የምጠርዝበት፣ በኖራ የነጣና ብርሃን የሞላበት ክፍል፣ አባቴ ዘይት በጠገበ የካኪ ልብሱ ከቮልስዋገኑ ሥር ተንጋሎ የሚውልበት ጨለማ ጋራዥ ነበረ።

አገራችን ለእጅ ሥራ ስትሰጠው የኖረችውን ቦታ ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ያዝናል። መንበረ ታቦቱን የሚጠርበውን፣ ነገሥታቱ የሚለብሱትን ሸማ የሚሠራውን፣ ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ሰው፣ ሕዝቡ ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ እያለ ሲንቀው ኖሯል፤ በሥራው እየተጠቀመ በስሙ ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን ስለ ሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። በእኒሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የመኪናው ክብር በፍጥነት ሲስፋፋ፣ የአዋጁ መንፈስ ግን ወደ ሰው ልብ የገባው እጅግ በዝግታ ነው፤ በመኪና መሄድ ማዕርግ ሆኖ ሲቈጠር፣ መኪናውን ፈትቶ መግጠም ግን እንደ ቀድሞው የቀጥቃጭ ሥራ ሆኖ ቀረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በከተማው የቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮች ጋራዥ ከፍተው የእኛን ልጆች ሙያ ባያስተምሩ ኖሮ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ፣ ካንዴላና ሞርሳ የሚያውቀው ሰው ቍጥር ከነበረውም ባነሰ ነበር።

አባቴ ወሎ ተወልዶ፣ በአጥቢያው ደብር ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ከጀመረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከነጻነት በኋላ ብዙ ሳይቆይ በተከፈተው በተግባረ እድ ትምህርት ቤት ገብቶ የሞተር ሙያ ተማረ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ሲቋቋም፣ በጠጠር መንገድ ላይ ግሬደርና ቡልዶዘር እየተከተሉ ከሚጠግኑት አንዱ እርሱ ነበረ። በኋላም በዕድገት ላይ ዕድገት አግኝቶ ወደ ጠረጴዛ ሥራ ቢዛወር፣ ክራቫት ቢያስር፣ ደብዳቤ ቢፈርም፣ እጁ ግን ብረት መንካት ሳይናፍቅ የቀረበት ጊዜ የለም። በ1956 ዓ.ም. ያገለገለች ግራጫ ቮልስዋገን ሲገዛ፣ ለቤተ ሰቡ ማመላለሻ መሆንዋን ለእናቴ ቢነግራትም፣ እኛ ልጆቹ እንዳየነው፣ በእርስዋ የተደሰተው ከሚነዳት ይልቅ ስለሚፈታት ነው።

ስለዚያች መኪና አሠራር ሲናገር የድጓ መምህር ስለ ዜማ ስልት ሲያስረዳ የሚታይበት ዓይነት ጥንቃቄ ይታይበት ነበር። ሞተርዋ በስተ ኋላ መሆኑን፣ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ መሆኑን፣ ስለዚህም በዓባይ በረሃ አቀበት ሌሎቹ መኪናዎች ራዲያተራቸው ፈልቶ መንገድ ዳር ሲቆሙ እርስዋ ውሃ ሳትለምን እንደምታልፍ ይነግረን ነበር። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለ ሆነ፣ አባቴና አንድ ጎረቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አውርደውት፣ ጧፍ አብርተው ሲመለከቱት አምሽተው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይገጥሙት ነበር። እኔ ደግሞ ዳዶዎቹን በጣሳ ክዳን ላይ በተፈቱበት ተራ እደረድር ነበር፤ ያንን ተራ የሚያፈርስ ሰው አባቴ ዘንድ ከባድ ጥፋተኛ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ይቋረጣል። እናቴ፣ ነፍስዋን በገነት ያኑርልኝና፣ በጓሮ በኩል ወጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እጅዎን ይታጠቡ፤ ሰው መጥቷል» ትለዋለች። እርሱም እጁን በላምባ፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎም በሳሙና አሽቶ፣ ልብሱን ለውጦ ሳሎን ይገባና፣ ስለ ርስት ክርክርና ስለ ሹመት ሽረት ወሬ ይሰማል። ያን ጊዜ ሁለት እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከቶ ይቀመጥ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር መስመር በምንም አይለቅም ነበርና። አንድም ጊዜ እንግዳውን ይዞ ወደ ጋራዡ ሲሄድ፣ ይህን አየህ፣ ይህን እኔ ነኝ ያስተካከልሁት ሲል አላየሁም። እናቴን በዚህ አልወቅሳትም፤ እርስዋ ልማዱን ከእናትዋ ተቀብላ የጠበቀች፣ የባልዋም ክብር በሰው ፊት እንዳይቀንስ የምትጨነቅ ሴት ነበረች። የሚያስቈጨኝ ያ ልማድ ራሱ ነው፤ አዋቂ ሰው የሚያውቀውን ነገር ደብቆ፣ ስለማያውቀውና ስለማይወደው ነገር ሲያወራ እንዲያመሽ ያደረገው ልማድ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. በቤንዚን ዋጋ መወደድ ምክንያት ባለ ታክሲዎች ሥራ ካቆሙበት ጊዜ ጀምሮ መኪናዋ ከጋራዡ የምትወጣበት ቀን እያነሰ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቍጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ አባቴ የነበረው የምንኖርበት አንድ ቤት ብቻ ስለ ነበረ አልተነካብንም። በኋላም ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ዘመን መጣና መኪናዋ ተሸጠች፤ ጋራዡ ሞርሳው የተገጠመበት ወፍራም የጽድ ጠረጴዛና የብሎን ጣሳዎች ብቻ ቀሩት።

የዚያ ክፍል ታላቅ ዘመን ግን፣ በእኔ ግምት፣ መኪና የነበረበት ዘመን አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ረኃቡ በጸና ጊዜ የአባቴ ታናሽ እኅት ልጆችዋን ይዛ ቀበና ደረሰች። ዋናው ቤት በእኛ ሞልቶ ስለ ነበረ አባቴ ጋራዡን ጠርጎ፣ መኪና ሥር የሚገባበትን ጉድጓድ በሳንቃ ከድኖ፣ የጆንያ መጋረጃ ከፋፍሎበት አስገባቸው። አክስቴ በክረምቱ እዚያው ውስጥ በከሰልና በባሕር ዛፍ ቅጠል ታበስል ስለ ነበረ ግድግዳውና ቆርቆሮው በጥላሸት ተለበጡ። ልጆችዋ በአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ፊደል ቈጠሩ፤ ትንሽዋ ልጅ የሞርሳውን እጀታ እያዞረች «ሀ»ን «ሁ»ን ስትል ይሰማኛል። ሳሎኑ በዚያን ጊዜ ምን አገልግሎት ይሰጥ እንደ ነበረ ትዝ አይለኝም፤ ሰው ያኖረው ጋራዡ ነው።

አባቴ ካረፈና የአክስቴ ልጆች የየራሳቸውን ጎጆ ከቀለሱ በኋላ፣ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ክፍሉ የማይጣልና የማይፈለግ ነገር መከማቻ ሆነ። እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የደረቀ ባትሪ፣ ዓመታቱን የማላውቀው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ክምር፣ ሁሉም አንዱ በሌላው ላይ ተጫነ። እኔም ከመምህርነት ሥራዬ በጡረታ እስክገለል ድረስ በሩን የከፈትሁት አንድ ነገር ለመጨመር ብቻ ነበረ።

ወደዚያ ክፍል የመለሰኝ የመጻሕፍት ጥረዛ ነው። በማስተማር ላይ ሳለሁ የትምህርት ቤታችንን የተበጣጠሱ መጻሕፍት እየሰፋሁ የለመድሁትን ሥራ፣ በኋላ የአብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት ከሚደጕሱ ከአንድ ሊቅ እግር ሥር ተቀምጬ በሥርዓቱ ተማርሁት። የእኛ አባቶች አጠራረዝ ያለ ማያያዣ ገመድ፣ ክሩ ከጥራዝ ወደ ጥራዝ እየተቈላለፈ በሰንሰለት ስፌት የሚሄድ ነው፤ ጥራዞቹ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ በተጠረቡ ገበታዎች መካከል ይያያዛሉ፤ በላዩ ቆዳ ይለበጣል፤ ቆዳው በጋለ ብረት በመስቀልና በሐረግ ይደጐሳል፤ መጽሐፉም በትከሻ የሚንጠለጠል ማኅደር ይሰፋለታል። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች፣ ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደብ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ወንጌሎች እስከ ዛሬ ሲኖሩ የቈዩት ጸሐፊው በመድከሙ ብቻ አይደለም፤ ገበታውን የጠረበው፣ ክሩን የፈተለው፣ ቆዳውን ያለፋው ሰውም አለበት፤ የእነዚያን ስም ግን ማንም አልጻፈውም።

እንዲህ ላለው ሥራ የምግብ ጠረጴዛ አይሆንም። ሙጫ ይቀቀላል፤ ቆዳ ይፋቃል፤ የተሰፋው መጽሐፍ በመጭመቂያ ታስሮ ሳይነካ ማደር ይገባዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ወረቀት ቅባትን፣ እርጥበትን፣ አይጥንና ብልን አይወድም። የወረስሁት ክፍል እነዚህን ሁሉ ጠላቶች በአንድነት የያዘ ነበረ። ቢሆንም፣ ሳሎኑን ልለውጠው ነው ወይስ ጋራዡን ላጽዳው የሚለውን ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ አባቴ ያልነበረውን ነገር፣ ለእጅ ሥራ ተብሎ የጸዳ ክፍል፣ በዚያው ቦታ ላይ ማየት ፈለግሁ።

ሥራውን የጀመርነው በዘመነ ጽጌ፣ ዝናቡ አልፎ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነው። የሚወጣው ዕቃ ሁሉ ወጥቶ በግቢው ሸራ ላይ ተዘረጋ፤ ብረቱንና ጠርሙሱን ቆራሌው ገዛው፤ ባትሪዎቹን ግን ከሌላው ለይቼ አስቀመጥኋቸው፤ በውስጣቸው እርሳስና አሲድ ስላለ ልጅ በሚጫወትበት መሬት ላይ ሊፈስሱ አይገባም። ይህ ሁሉ ሲሆን ኅዳር 12 ቀን ደረሰ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ከፈጀ ወዲህ፣ አዲስ አበባ በሚካኤል ዕለት ቆሻሻዋን አውጥታ ስታቃጥል፣ ሰፈሩም ሁሉ በጢስ ሲታጠን ኖሯል፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ጢስ ከበዓሉ ጋር አብሬ እወድደዋለሁ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት፣ ከእኛ ግቢ የወጣውን አሮጌ ጎማ፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ ወደ እሳቱ እንዳይጥሉት የሰፈሩን ልጆች ለመንኋቸው። አያቶቻችን በሽታን ሊያባርሩበት ያጨሱት ሣርና ቅጠል፣ እንጨትና ጨርቅ ነበር፤ ጎማ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ግን ራሱ በሽታ ነው። ልማዱ እንዲቈይ የሚወድ ሰው ምን እንደሚቃጠልበት መጠንቀቅ አለበት እላለሁ፤ ልጆቹም ሰሙኝ።

አቧራውም ቢሆን ተራ አቧራ አልነበረም። በዚያ ዘመን የነበረው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ አባቴም ሸራውን በሞረድ ሲያስተካክል ዱቄቱ በየስንጥቁ ገብቶ ቀርቷል። ቤንዚኑም እርሳስ የተቀላቀለበት ነበረ፤ እንዲህ ያለውን የመኪና ቤንዚን መሸጥ ከዓለም አገሮች ሁሉ በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ስትሆን፣ ይኸውም በ2013 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በደረቁ መጥረግን ከለከልሁ። ወለሉና ግድግዳው በውሃ ከራሰ በኋላ፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ጭቃ የሆነውን አቧራ በአካፋ እያነሣን በከረጢት አሰርነው። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት በመጀመሪያ፣ «ጋሼ፣ ለአቧራ ይህን ያህል!» ቢልም፣ ምክንያቱን ከሰማ በኋላ ከእኔ ይልቅ ጥንቁቅ ሆነ።

ወለሉ ብዙ አድክሞናል። ሲሚንቶ ዘይት ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላም በላዩ የሚፈስሰው አዲስ ሊሾ አይይዝም፤ ጥቂት ወራት ቈይቶ እንደ ቂጣ ይነሣል። በመጀመሪያ የጠጠረውን ቅባት በመላጫ ላጨነው፤ ቀጥሎ ሰጋቱራ በትነን ያለውን ዘይት እንዲስብ አሳደርነው፤ ከዚያም ኮስቲክ ሶዳ በሙቅ ውሃ አሟሙተን፣ የጎማ ጓንት አጥልቀን፣ በሽቦ ብሩሽ እየፈተግን ደጋግመን አጠብነው። በዚህ የለቀቀው ለቀቀ። ሞተሩ ይወርድበት በነበረው ስፍራ ግን ጥቁረቱ ወደ ውስጥ የዘለቀ ስለ ነበረ፣ በመሮ ተቈፍሮ ወጥቶ እንደ ገና ከመሞላት በቀር ሌላ መድኃኒት አልነበረውም። የመኪናውን ጉድጓድ በድንጋይና በገረጋንቲ ስንሞላው የቀጠርሁት ግንበኛ አንድ ጊዜ ደፍቶ ለመገላገል ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን በስንዝር በስንዝር እየተነጠፈ፣ እየራሰና እየተደቀደቀ እንዲሞላ አደረግሁ፤ እንዲህ ካልሆነ አፈሩ በክረምት ይሰጥማል፤ ወለሉም አብሮት ይሰነጠቃል። ወለሉ ውሃው ወደ ደጅ እንዲወርድ ተዳፍቶ ተሠርቶ ስለ ነበረ፣ ጠረጴዛው በሚቆምበት በኩል አስተካክለን፣ በበሩ በኩል ያለውን ተዳፋት እንዳለ ተውነው።

የቀበና መሬት ወደ ወንዙ የሚያዘነብል በመሆኑ፣ የክረምት ውሃ ከላይኛው ግቢ በአፈር ውስጥ እየሰረገ የጋራዡን የኋላ ግድግዳ ሲያርስ ኖሯል። ቀደም ሲል ይህን እርጥበት ለማስቀረት በውስጥ በኩል የዘይት ቀለም ተቀብቶበት ነበረ፤ ነገር ግን የዘይት ቀለም ውሃውን አይከለክለውም፤ ይልቁንም መውጫውን ይዘጋበታልና ልስኑ አብጦ ይረግፋል። ውሃን ከውስጥ ሆኖ የሚከላከል ሰው በከንቱ ይደክማል። ስለዚህ ከግድግዳው በስተ ጀርባ ቦይ አስቈፍሬ፣ ጠጠር አስሞልቼ፣ ውሃው ወደ ጎን እንዲሄድ ካደረግሁ በኋላ፣ አሮጌው ቀለም ተፍቆ ግድግዳው በኖራ ተለስኖ በኖራ ተቀባ፤ ኖራ ይተነፍሳል፤ ያረሰውም ቶሎ ይደርቃል። ለጣሪያው አሸንዳ አስገጠምሁ፤ ቀድሞ ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይከማች ነበርና። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ተሠራ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት፣ ወንፊት ሽቦ የተመታበት ቀዳዳ ተተወለት፤ ሌሊት በቆርቆሮው ላይ የሚቋጠረው ጠል መጻሕፍቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ጥላሸቱና ቀለሙ ሲፋቅ፣ ከጠረጴዛው በላይ በቀይ ቀለም የተጻፉ የግዕዝ ቍጥሮች ወጡ፤ ፩ ፬ ፫ ፪ ይላሉ። ግንበኛው ጥቂት ዲቁና የተማረ ሰው ነውና፣ የመዝሙር ቍጥር መስሎት፣ ተራው ለምን እንደ ተዛባ ጠየቀኝ። የቮልስዋገን ሞተር አራቱ ካንዴላዎች እሳት የሚተፉበት ተራ መሆኑን ስነግረው ብዙ ተደነቀ። አባቴ በደብር የተማረውን ቍጥር በተግባረ እድ ለተማረው ሙያ ሲያውለው፣ በእርሱ ኅሊና ሁለቱ ትምህርቶች ያልተጣሉ መሆናቸውን ከዚያ ጽሕፈት አይቻለሁ። ያለያያቸው ሳሎኑ ነው። ግድግዳው በኖራ ሲቀባ ቍጥሮቹም አብረው ይሸፈኑ ዘንድ ፈቀድሁ፤ ምክንያቱም የሥራ ክፍል የመታሰቢያ ክፍል ሲሆን ሠራተኛው እጁን ማንሣት ይፈራል ብዬ አምናለሁ። አባቴም ቢሆን አገልግሎቱን የጨረሰ ነገር በመንገድ ላይ ሲጋረጥ አይወድም ነበር።

ከለውጡ ሁሉ የበለጠ ያሰብሁበት መስኮቱ ነው። ጋራዡ ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት አልነበረውም፤ አባቴ እኩለ ቀን ላይ ጧፍ ወይም የእጅ መብራት ይይዝ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ አስከፍቼ ሰፊ መስኮት አስገባሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስትዞር፣ በሰሜኑ መስኮት የሚገባው ብርሃን ቀኑን ሙሉ የማይነድድና ጥላው የማይወራጭ የተረጋጋ ብርሃን ነው፤ መርፌ ለሚያስገባ ዓይን ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም ፀሐይ ወደ ሰሜን ብታልፍም፣ በዚያን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ከራስ በላይ ከፍ ብላ ስለምትቆም በክዳኑ አፋፍ ትጋረዳለች፤ ከዚያም ክረምቱ በደመና ይሸፍናታል። የዘመኑ ቤት ሠሪዎች ሰፊውን መስኮት ለሳሎን ሰጥተው ሲያበቁ መጋረጃ ሲጋርዱበት፣ ብርሃኑን የሚፈልገው ሰው በጨለማ ይሠራ ነበር። ይህን ነገር አሁንም ሳስበው ደሜ ይሞቃል።

የላሜራውን በር አላስነሣሁትም፤ ሁለት ክንፍ በመሆኑ ከባድ ዕቃ ለማስገባት ይመቻል። ከሥሩ ያለው ክፍተት ግን የአይጥ መግቢያ ስለ ነበረ በወፍራም ጎማ ተዘጋ። ለስፌት የሚሆነውን ጠረጴዛ ተቀምጬ እንድሠራበት ዝቅ አድርጌ አሠራሁት፤ ገበታ የሚጠረብበትና ቆዳ የሚፋቅበት የአባቴ የጽድ ጠረጴዛ ግን ቆሞ ለሚሠራ ሰው፣ እጁን ሲያወርድ የእጁ አንጓ እስከሚደርስ ድረስ፣ ቀድሞውኑ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ቁመታችን አንድ በመሆኑ ምንም አልቀየርሁበትም፤ ላዩን በመላጊያ አስልጬ፣ የጠጣውን ዘይት አስወጥቼ፣ የተልባ ዘይት ቀባሁት። በነገራችን ላይ፣ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ከራሱ ሙቀት የተነሣ ሊነድድ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መነከር አለበት፤ በወረቀት መካከል የሚሠራ ሰው ይህን ሊረሳ አይገባውም። ሞርሳው ዝገቱ ተወልውሎ፣ መንጋጋው ወረቀት እንዳይጐዳ በቆዳ ተለብጦ፣ የተሰፉ ጥራዞችን ጀርባ የምይዝበት ሆነ። ትልቁን መጭመቂያ የሠራልኝ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ብረት ሠሪ ነው፤ ከአሮጌ ክሪክ ብሎንና ከሁለት ወፍራም ሳንቃ አበጅቶ ሲያመጣልኝ፣ የአሠራሩን ጥራት ሳመሰግን፣ ሰው ስለ ሥራው ሲያመሰግነው እንዳልለመደ ሰው መሬት መሬቱን አየ። የብሎን ጣሳዎቹ ዛሬ መርፌ፣ ሰም፣ አጥንት ማስመሪያና የመደጐሻ ብረት ይዘዋል።

ባለፈው የጾም ወራት የአጥቢያችን መሪጌታ አንድ የብራና ዳዊት ይዘው መጡ፤ የፊተኛው ገበታ ለሁለት ተሰንጥቋል። ደንቡ ነውና፣ «ሳሎን ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ» አልኋቸው። «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለመጽሐፉ ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ወዴት ነው?» አሉኝ። በላሜራው በር አስገባኋቸው፤ ከሰሜኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ዳዊቱን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። እኔ ገበታው በአዲስ ዋንዛ ይለወጥ ባይ ነበርሁ፤ እርሳቸው ግን አባቶች የጠረቡት እንጨት ሳለ ሌላ ለምን ይደረጋል፣ ቀድሞ የተሰነጠቀ ገበታ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተበስቶ በክር ይሰፋ ነበር ብለው ተከራከሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ በየገዳማቱ እንዲህ የተሰፉ ገበታዎች ይገኛሉ። በአባቴ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ቀጭኑን ብረት መርጠን፣ ቀዳዳዎቹን ትይዩ አድርገን በሳን፤ መሪጌታ ክሩን በሰም እያሹ ሲያቀብሉኝ፣ የድሮ አስተማሪያቸው ብራና እንዴት ይዳምጡ እንደ ነበረ ሲያጫውቱኝ፣ ስፌቱን ሳብ አድርገን ስንጥቁ እስኪገጥም ድረስ አጠበቅነው። ሳሎን ገብተው ቡናቸውን የጠጡት ከዚያ በኋላ ነው።